የቪትዝ ዕቃ በምን ይለያል? ስም፣ ናሙና፣ ቁጥር ወይስ የጃፓን ካታሎግ

አንድ ቅዳሜ ለአንድ ጥንድ የፊት ፍሬን ሸራ ሶማሌ ተራ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። መጀመሪያ "የ2003 ቪትዝ" አልኩ። ሰጡኝ፤ አልገባም። ቀጥሎ "ባለ 1000ው" አልኩ። ሰጡኝ፤ እሱም እምቢ አለ። በሦስተኛው የወለቀውን አሮጌ ሸራ በፌስታል ቋጥሬ ሄድኩ። ልጁ ከካርቶን ካርቶን እያስተያየ አገኘልኝ። ቀኑ ግን አለቀ።

ማታ ቤት ገብቼ የሻንሲ ቁጥሬን፣ ማለትም የመኪናውን መለያ ቁጥር፣ ከሊብሬው ላይ አየሁና አንድ የጃፓን መለዋወጫ ካታሎግ ላይ አስገባሁት። የሸራው ቁጥር ሻይ እስኪፈላ ድረስ እንኳ አልቆየም። እኔ ግን ሦስት ጊዜ ታክሲ ከፍያለሁ።

ታዲያ ካታሎግ ሁሉን ይፈታል ልላችሁ ነው? አይደለም። ከዚያ ወዲህ ካታሎጉም አንድ ጊዜ ጉድ ሠርቶኛል፤ የመሪ ዕቃ ላይ። ያኔ ነው የገባኝ፦ የትኛው መንገድ ይሻላል የሚለው በምትገዙት ዕቃ ይወሰናል። በአዲስ አበባ መኪና ላይ ደግሞ መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ባየው መከራም ይወሰናል።

በስምና በዓመት መጠየቅ

ይሄ ሁላችንም የምንጀምርበት ነው። ለዘይት ፊልትሮ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ግን ቁማር ነው።

"ቪትዝ" የአንድ መኪና ስም አይደለም። ቶዮታ ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በ2005 ሁለተኛው ትውልድ መጣ፣ በ2010 መጨረሻ ሦስተኛው። በ2020 ስሙ ቀረና በጃፓንም ያሪስ ተባለ። የመጀመሪያው ትውልድ ብቻውን ባለ 1000፣ ባለ 1300 እና ባለ 1500 ሞተር አለው። ባለ 1000 ማለትም አይበቃም። የመጀመሪያው ትውልድ ባለ 1000 አራት ሲሊንደር ነው፤ የሁለተኛው ትውልድ ባለ 1000 ደግሞ ሦስት ሲሊንደር። "የባለ 1000 ቪትዝ ካንዴላ" ብላችሁ አራት ገዝታችሁ፣ በየሲሊንደሩ አንድ ስለሚገባ፣ አንዱ እጃችሁ ላይ ሊቀር ይችላል።

ዓመቱም ራሱ ጣጣ ነው። የተመረተበት ነው? ጃፓን ውስጥ መጀመሪያ የተመዘገበበት? ሊብሬው ላይ የተጻፈው? አንዳንዱ ባለመኪና ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ይናገርና ነጋዴው በፈረንጅ ይሰማል። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ነው፤ በመኪና ዓለም ሰባት ዓመት አንድ ሙሉ ትውልድ ነው።

ናሙና ይዞ መሄድ

ቅዳሜዬን ያተረፈልኝ ይሄ ነው፤ ስለዚህ አላማውም። ሸራ፣ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ ጫፍ)፣ የጎማ ቡሽ፣ ቱቦ፣ በዓይን የሚለኩ ነገሮች በናሙና ጥሩ ይለያሉ። ጎበዝ ነጋዴ ዓይኑ ካታሎግ ነው። ዕቃውን ገና ከፌስታሉ ሳታወጡት "የእንትና ነው" ይላችኋል።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ መልካቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው የሚለያይ ዕቃዎች አሉ። ሴንሰር ዋናው ነው። ሶኬቱ አንድ፣ ቅርጹ አንድ፣ ውስጡ ሌላ። ሾክ አብዞርበርም እንደዚያው፤ ቁመቱ ተመሳስሎ ጥንካሬው ሊለያይ ይችላል።

ሁለተኛው ይብሳል። ናሙናው ራሱ ልክ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አላችሁ? ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ያገኘውን አስገድዶ አስገጥሞ ከሆነ፣ የሱን ስሕተት በታማኝነት ትደግሙታላችሁ። "ይሄ መኪና ሸራ ቶሎ ይበላል" እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች አሉ። መኪናው ላይሆን ይችላል፤ ሸራው ከጅምሩ የሱ አልነበረ ይሆናል።

ዕቃው ላይ ያለው ቁጥር

አሮጌውን ዕቃ በናፍጣና በብሩሽ አጽዱት። ብዙ ጊዜ ቁጥር ይወጣል። የቶዮታ ቁጥር አሥር አኃዝ ነው፤ አምስት፣ ሰረዝ፣ አምስት። ይህን ካወቃችሁ ግማሹን አንብባችኋል። የመጀመሪያው አምስት ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራል፤ የኋላው አምስት የማን እንደሆነ።

የፊቱ አምስት በቶዮታ ቤት በሙሉ አንድ ነው ማለት ይቻላል። 04465 የፊት ፍሬን ሸራ ነው፤ ለቪትዝም፣ ለኮሮላም፣ ለላንድክሩዘርም። 04495 የኋላ ከበሮ ሸራ። 48510 የፊት ቀኝ ሾክ አብዞርበር፣ 48520 የፊት ግራ፣ 48530 የኋላ። 45046 ቴስቲና፤ ቀኝና ግራው የሚለያይ ከሆነ የግራው 45047 ይሆናል። 16100 የውሃ ፖምፓ። 17801 የአየር ፊልትሮ። 81110 የቀኝ የፊት መብራት፣ 81150 የግራ። ሳጥኑ ላይ 48520 እያለ "የቀኝ ነው" የሚላችሁ ካለ ቁጥሩን አሳዩት።

የኋላው አምስት ደግሞ ደስ የሚል ምስጢር አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ዕቃው መጀመሪያ ለየትኛው መኪና እንደተሠራ ይጠቁማሉ። 52 የቪትዝና የያሪስ ወገን ነው። 12 ኮሮላ፣ 26 ሃይስ፣ 35 ሃይሉክስ፣ 60 ላንድክሩዘር፣ 42 ራቭፎር። ይሄ ለቦዲና ለእግር ዕቃ ነው የሚሠራው፤ የሞተር ዕቃ የሞተሩን ቤተሰብ ይከተላል። ደግሞ ቶዮታ ዕቃ ይዋዋሳል። ቪትዛችሁ ላይ 12 ያለበት ነገር ብታገኙ "ሰረቁኝ" አትበሉ፤ ከኮሮላ ተውሶ ሊሆን ይችላል።

ኤሌክትሪክ ነክ ዕቃ ላይ ሁለት ቁጥር ልታዩ ትችላላችሁ። አምስት በአምስት የሆነው የቶዮታ ነው። ስድስት በአራት የሆነው የአምራቹ የዴንሶ ነው። ሁለቱንም ፎቶ አንሡ። ለሴንሰርና ለኮምፒውተር ዕቃ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ሻንሲ ቁጥሩም ይረዳል፤ ግን ዕቃው ላይ ያለው ቁጥርና ካታሎጉ ከተስማሙ ጨርሳችኋል።

ካታሎጉ

አሁን ወደ ዋናው። በነጻ የሚከፈቱ ብዙ አሉ። መቀመጫው ኤምሬትስ የሆነው ፓርትሱክ አለ። ከጃፓንና ከኤምሬትስ ዕቃ የሚልከው አማያማ አለ። ለቶዮታና ለሌክሰስ ብቻ የሆነው ቶዮዲአይዋይ አለ። እኔ አንዱ ላይ ያገኘሁትን ቁጥር ሌላው ላይ ደግሜ አያለሁ። ሁለቱ ካልተስማሙ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቁጥር አሳስቻለሁ።

የጃፓን አገር መኪና ባለ 17 ፊደል ቁጥር የለውም። ያለው የሻንሲ ቁጥር ነው፤ "ኤስሲፒ10" ብሎ ይጀምርና ሰረዝ፣ ከዚያ ተራ ቁጥር። ቪትዝ ላይ ኮፈኑን ስትከፍቱ ከሞተሩ ጀርባ ካለው ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ። እንደ ላንድክሩዘር ያሉ፣ ቦዲው የሚቀመጥበት የብረት ሻንሲ ያላቸው መኪናዎች ላይ ደግሞ የፊት ቀኝ ጎማ አጠገብ፣ ብረቱ ላይ። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። የመጀመሪያው ፊደል የሞተሩን ቤተሰብ ይነግራል። ኤስሲፒ10 ማለት ባለ 1000 ኤስዜድ ሞተር ነው፤ ኤንሲፒ10 ባለ 1300 ኤንዜድ፤ ኬኤስፒ90 የሁለተኛው ትውልድ ባለ ሦስት ሲሊንደር ኬአር። በር ላይ የሚመሳሰሉ ሁለት ቪትዞች እዚህ ላይ ይለያያሉ።

17 ፊደል ካለው መኪና ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው። በ"ጄ" ከጀመረ ጃፓን ተሠርቷል። ሃይሉክስ ግን በ"ኤምአር" ከጀመረ ታይላንድ፣ በ"ኤኤች" ከጀመረ ደቡብ አፍሪካ። አሁን ከተማውን የሞሉት የሱዙኪ ዲዛየሮች በ"ኤምኤ" ይጀምራሉ፤ ሕንድ። ስሙ የጃፓን ስለሆነ የጃፓን አገር ካታሎግ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። በዚህ ባለ 17 ቁጥር ውስጥ "ኦ"፣ "አይ" እና "ኪው" የሚባሉ ፊደላት አይገቡም። "ኦ" የሚመስል ካያችሁ ዜሮ ነው፤ "አይ" የሚመስለው አንድ ነው።

ካታሎጉ ሲከፈት በቃል አትፈልጉ። እዚህ ጋ ትንሽ ልሳቅ። መኪናው የጃፓን፣ ካታሎጉ የእንግሊዝኛ፣ የመካኒካችን ቋንቋ ደግሞ ከጣልያን የተወረሰ። ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስቲና። ጋሽዬ መካኒኬን ቴስቲናውን "ታይ ሮድ ኢንድ" ብዬ ብጠይቃቸው የታመምኩ ይመስላቸዋል። ስለዚህ በሥዕሉ ሂዱ። የዕቃው ሥዕል ተበትኖ ይታያል፤ ቁጥሩን ስትነኩት ዝርዝሩ ይወጣል። ሥዕሉን በስልክ ለመካኒካችሁ አሳዩ። ቋንቋው ያኔ አንድ ይሆናል።

ዝርዝሩ ውስጥ የምታዩዋቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። ለአንድ ዕቃ ሁለት ሦስት ቁጥር ካለ አጠገቡ ከመቼ እስከ መቼ እንደተሠራበት በዓመትና በወር ይጻፋል። የእኔ የፍሬን ሸራ ጣጣ እዚህ ጋ ነበር። ብዛቱም ይጻፋል፤ ለአንድ መኪና ስንት እንደሚያስፈልግ። ዕቃው ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ወይም ከነሙሉ አካሉ እንደሆነም ሥዕሉ ይነግራችኋል። "ኩሽኔታው ለብቻው አይሸጥም፣ ሙሉውን ግዛ" ሲሏችሁ እውነት ይሁን ውሸት ማወቂያው ይሄ ነው።

ተተኪ ቁጥር የሚባልም አለ። ፋብሪካው አሮጌውን ቁጥር አቁሞ በአዲስ ይተካዋል። አዲሱ በአሮጌው ቦታ ይገባል። አሮጌው በአዲሱ ቦታ ሁልጊዜ ይገባል ማለት ግን አይደለም። ነጋዴው ዘንድ ቁጥራችሁ ከሌለ ተተኪውን ጠይቁ እንጂ ተስፋ ቆርጣችሁ አትውጡ።

ቀኝና ግራ፣ እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በካታሎግ ቀኝ ማለት ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደፊት የሚያይ ሰው ቀኝ ነው። ከፊት ቆማችሁ ስታዩት አይደለም። እኛ አገር ደግሞ "በሹፌር በኩል" እና "በጋቢና በኩል" ነው የምንለው። ይሄ እዚሁ ስንነጋገር ልክ ነው። ጃፓን ግን ሹፌሩ በቀኝ ነው። ጃፓን ላለ ሻጭ "የሹፌር በኩል ስፖኪዮ" ብላችሁ ብትጽፉለት የጋቢናውን ይልክላችኋል፤ ጥፋቱም የሱ አይደለም።

ካታሎጉ የሚዋሽበት ቦታ

ጉድ የሠራኝ እዚህ ነው። ቪትዝ የሚለው ስም የጃፓን አገር ስም ነው፤ እዚያ መሪው በቀኝ ነው። እኛ ጋ ካሉት ቪትዞች ብዙዎቹ ከጃፓን ወጥተው በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል ሲያልፉ መሪያቸው ወደ ግራ የተዛወረ ነው። ሻንሲ ቁጥሩ ግን አልተዛወረም። ካታሎጉ ዛሬም መኪናችሁ ባለ ቀኝ መሪ እንደሆነ ያምናል።

ስለዚህ ከመሪው ጋር የሚሄድ ነገር ሁሉ ላይ የጃፓኑን ካታሎግ አትመኑት። የመሪ ስካቶላ (የመሪውን ዙር ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው)፣ ፔዳል፣ የፍሬን ዋናው ፖምፓ፣ ዳሽቦርድ፣ የዝናብ መጥረጊያው ክንድ። እነዚህን በናሙና ግዙ፤ ወይም የተመሳሳዩን ትውልድ ባለ ግራ መሪ ያሪስ ካታሎግ ከፍታችሁ ከናሙናው ጋር አመሳክሩ። ዝውውሩ በእጅ የተሠራ ስለሆነ ናሙናው የመጨረሻውን ቃል ይናገራል።

የፊት መብራት ለብቻው መጥቀስ አለበት። ጃፓኖች በግራ ነው የሚነዱት፤ መብራታቸውም ወደ ግራ ጠርዝ ከፍ ብሎ እንዲያበራ ነው የተሠራው። እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው። በሻንሲ ቁጥራችሁ የወጣውን መብራት ገዝታችሁ ብትገጥሙ ልክክ ይላል፣ ያምራል፤ ማታ ግን ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል። እዚህ ጋ የያሪሱን ቁጥር ፈልጉ።

ሌላው ሞተር የተቀየረለት መኪና ነው። ሃይስና ሃይሉክስ ላይ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። 2ኤል ሞተር የነበረው ዛሬ 5ኤል ሞተር ይዞ ይሄዳል። ሁለቱም ናፍጣ፣ ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ፤ አንደኛው 2446 ሲሲ፣ ሌላው 2986። በሻንሲ ቁጥር የወጣ የሞተር ዕቃ ለእናንተ አይሆንም። ሞተሩ ላይ የተቀረጸውን አንብቡና በዚያ ሞተር የተሠራ መኪና ፈልጉ። ለእግርና ለቦዲ ግን ሻንሲ ቁጥሩ አሁንም ይሠራል።

የዕቃ አምራቾች ካታሎግ

የቶዮታ ካርቶን ውድ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ ቶዮታ አልሠራውም። ካንዴላው ዴንሶ ሊሆን ይችላል፣ የውሃ ፖምፓው አይሲን። እነዚህ አምራቾች የራሳቸው ካታሎግ አላቸው፤ የቶዮታን ቁጥር ስታስገቡ የራሳቸውን ያወጣሉ። የእኔ ምርጫ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ በሻንሲ ቁጥር የቶዮታውን ቁጥር ማግኘት፣ ከዚያ በዚያ ቁጥር የአምራቹን መፈለግ። በመኪና ስም በቀጥታ የአምራቹን ካታሎግ መክፈት ወደ "የ2003 ቪትዝ" ይመልሳችኋል።

ለሾክ አብዞርበር ኬዋይቢ፣ የድሮው ካያባ፣ ጥሩ ካታሎግ አለው። ለእግር ዕቃ ትሪፕል ፋይቭ። የሱ ኮድ ደስ ይላል፦ በ"ኤስኢ" የሚጀምረው ቴስቲና፣ በ"ኤስቢ" ቦል ጆይንት፣ በ"ኤስአር" ከስካቶላው የሚወጣው የውስጡ ዘንግ።

ካንዴላ ላይ ሰው ቁጥር ያምታታል። የኤንጂኬ "ቢኬአር5ኢ-11" ውስጥ 5ቱ የሙቀት ደረጃው ነው፣ 11ዱ ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይነግራል። የዴንሶ የሙቀት ቁጥር ሌላ ነው፤ የኤንጂኬ 5 በዴንሶ 16 ነው፣ 6ቱ ደግሞ 20። "16 ከ5 ይበልጣል፣ ጠንካራውን ስጠኝ" የሚል ደንበኛ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለዲናሞና ለፑሊ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ብዙ ጊዜ ካታሎግ አያስፈልግም። ጠርዙ ላይ 6203 ካለ የትም ዓለም 6203 ነው፤ የውስጥ ቀዳዳው 17 ሚሊ ሜትር፣ የውጩ 40፣ ውፍረቱ 12። ኤንኤስኬም፣ ኤንቲኤንም፣ ኮዮም ያው ነው። በዋናነት የሚለያየው ሽፋኑን የሚነግረው ጭራ ነው። ሁለቱም በኩል ጎማ ሽፋን ያለውን ኤንኤስኬ "ዲዲዩ"፣ ኤንቲኤን "ኤልኤልዩ"፣ ኮዮ "2አርኤስ" ይለዋል። ለዚህ ዕቃ ሻንሲ ቁጥር ይዞ የሚዞር ሰው ጊዜ የተረፈው ነው።

ቶዮታ ላልሆነ መኪና በአጭሩ፦ ኒሳንም አምስት በአምስት ነው፣ ግን ፊደል ይቀላቅላል። ሆንዳ አምስት፣ ሦስት፣ ሦስት ነው፤ መሃሉ ሞዴሉን ያሳያል። የድሮ ሚትሱቢሺ በ"ኤምዲ"፣ "ኤምቢ" ወይም "ኤምአር" ይጀምራል። ዘዴው ግን አንድ ነው።

ውጭ ላለ ዘመድ ስትልኩ

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያሉንን መኪኖች ማስታመም ሥራችን ሆኗል። ዕቃ ከውጭ ማስላክም በዝቷል። አሜሪካ ላለ ዘመድ "የቪትዝ ዕቃ" አትበሉት። እዚያ ቪትዝ በዚያ ስም ተሽጦ አያውቅም። የመጀመሪያው ትውልድ ዘመዱ ኤኮ ይባል ነበር፣ እሱም ባለ 1500 ብቻ። ምስኪኑ ዘመዳችሁ ሱቅ ገብቶ ቪትዝ ሲል ያፈጡበታል። ዱባይና ሻርጃ ላለው ስሙ አይጠፋውም። ለሁለቱም ግን አሥሩን አኃዝ፣ ተተኪውን ቁጥር ካለው፣ የሥዕሉን ፎቶና ብዛቱን በቴሌግራም ላኩ። ቀኝ ወይም ግራ የሚለውን በቃል ጨምሩበት።

እዚህ ስትገዙም ካርቶኑን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። ካርቶን ይታተማል። አውጡትና ዕቃው ላይ ያለውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አስተያዩ። ከመክፈላችሁ በፊት "ካልሆነ ትቀበለኛለህ?" በሉ። ሸራና ቴስቲና ካልቆሸሸ ብዙዎቹ ይቀበላሉ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ግን አንዴ ከተሰካ የሚመልስላችሁ የለም። ለሱ ሲሆን ቁጥሩን ከዕቃው ላይም ከካታሎጉም ሳታዩ ከቤት አትውጡ።